ከውሃና ከመንፈስ ስለ መወለድ (ዮሐ. 3፥5)

ሐተታ። ጌታ ለኒቆዲሞስ የነገረው ቃል በጽርእ «ዳግመኛ»ም «ከላይ»ም ይባላል። ውሃውን ትቶ መንፈስን ብቻ የሚተረጕም ስቷል። ስለ ምን ቢሉ፥ ጌታ አንዱን ከአንዱ አልለየምና። አንድም፥ ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን መጠመቅ ይበቃል ብሎ ምግባርን የሚተው ስቷል።

ምሳሌው በመስቃን ይታያል። ገበሬው የእንሰቱን ሥር ልቡን አውጥቶ ይቀብረዋል፤ ከአንዱም ብዙ ቡቃያ ይወጣል። ይህ ከክርስቶስ ጋራ በጥምቀት የመቀበርና የመነሣት ምሳሌ ነው። ነገር ግን ቡቃያውን ነቅለው ካልተከሉት፥ ፍግም ካልሰጡት፥ ለምግብ አይደርስም። እንዲሁም የተጠመቀው በንስሐና በቅዱስ ቍርባን ካልጸና ልጅነቱን ያሳድፋል። እንግዲህ ጥምቀት የመዳን መጀመሪያ ነው፤ ፍጻሜው ግን እስከ ሞት መጽናት ነው።