የኪንሻሳ ኦርኬስትራና የዓመቱ ዜማ ምርጫ

አንድ የሙዚቃ ማኅበር በሚመጣው ዓመት የሚያሰማውን ዜማ በዝርዝር ጽፎ ሲያወጣ፥ ያ ዝርዝር እንደ ቃል ኪዳን ይቈጠራል። ገበሬ አዝመራው ገና ሳይታይ በመረጠው ዘርና በመረጠው መሬት ዐዋቂነቱ እንደሚለይ፥ ኦርኬስትራም ገና አንድ አውታር ሳይመታ በመረጠው ዜማ አሳቡ ይታወቃል። ስለዚህ መርማሪ የሆነ ሰው የኮንሰርቱን ምሽት ሳይጠብቅ ዝርዝሩን አንብቦ፥ «ይህን ለምን መረጡ? ለማንስ መረጡ?» ብሎ ለመጠየቅ ይችላል።

በደመወዝ ለሚኖሩ ኦርኬስትራዎች ይህ ጥያቄ ብዙ አያስጨንቅም፤ መሣሪያው ከነባለሙያው ተሟልቶላቸዋልና። ነገር ግን ሌላ ዓይነት ኦርኬስትራ አለ፤ ይኸውም ቀን በየሥራቸው ውለው ማታ መሣሪያቸውን ይዘው በሚሰበሰቡ ሰዎች የቆመው የማኅበር ኦርኬስትራ ነው። በዚያ ነጋዴውና አናጢው፥ አስተማሪዋና ተማሪው በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ። ለእንደነዚህ ያሉት የዜማ ምርጫ ታላቅ ፈተና ነው። ቀላሉን ብቻ ቢመርጡ ነገሩ እንደ ጨዋታ ይታይባቸዋል፤ ከባዱን ቢመርጡ ደግሞ እንደ ድፍረት ይቈጠርባቸዋል።

ይህን ነገር ለመመርመር በኮንጎ ዋና ከተማ በኪንሻሳ ከተቋቋመው ከኪምባንጊስት ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ኦርኬስትራው የተመሠረተው በ1994 ሲሆን መሥራቹና መሪው አርማን ዲያንጊንዳ ነው። አያቱ ሲሞን ኪምባንጉ በ1921 ኮንጎ በቤልጂግ ስትገዛ በሕዝብ መካከል ተነሥቶ የሰበከ፥ ስለዚህም በገዢዎቹ ተይዞ 30 ዓመት ያህል ታስሮ በ1951 በእስር ቤት የሞተ ሰው ነው። በስሙ የሚጠራው ቤተ ክርስቲያንም ከእርሱ ስብከት የተነሣ ነው። የልጅ ልጁ ግን ከሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጣ አልነበረም፤ ሥራው አውሮፕላን መንዳት ነበር። ሥራውን ባጣ ጊዜ አባቱ ይመኘው የነበረውን ኦርኬስትራ ለማቆም ተነሣ፤ የዜማ መሪነትንም በራሱ ትጋት ተማረ።

በመጀመሪያው ጊዜ ቫዮሊኑ ጥቂት፥ ለመማር የሚሻው ሰው ብዙ ስለ ነበረ፥ አንዱ ለጥቂት ጊዜ ተለማምዶ ለሌላው በተራ ያስረክብ ነበር። አውታር ሲበጠስ የቢስክሌት ፍሬን ሽቦ በስፍራው ይተኩ ነበር። ኮንትራባስ የሚባለውን ታላቅ መሣሪያ ከአባሎቹ አንዱ በገዛ እጁ ከእንጨት ይሠራ ነበር። ኖታውንም በእጃቸው ይገለብጡ ነበር። ብራና ዳምጦ መጽሐፍ የጻፈ ሰው የዚህን ነገር ትርጉም ያውቃል፤ መጽሐፉን ገዝቶ ካነበበው ይልቅ በእጁ የገለበጠው ሰው እያንዳንዱን ፊደል ያስተውላልና። ክላውስ ቪሽማንና ማርቲን ባር የተባሉ ጀርመናውያን በ2010 ባወጡት ፊልም ውስጥ በልምምድ መካከል መብራት ሲጠፋ ሙዚቃው በጨለማ ሲቀጥል ይሰማል። በዚያን ጊዜ ከመዘምራኑ ጋራ 200 ያህል ሰዎች ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች ካሰሟቸው ዜማዎች መካከል የቤትሆቨን 9ኛ ሲምፎኒና በ1937 በፍራንክፈርት መጀመሪያ የተሰማው የካርል ኦርፍ ካርሚና ቡራና ይገኛሉ። የነቃፊዎች ጥያቄም በዚህ ላይ ይነሣል። «አውታር የሌለው ሰው ትንሹን ዜማ አሳምሮ ቢጫወት አይሻለውምን? ከዜማዎች ሁሉ ከባድ የሆነውን ማንሣት ሸክምን አለማወቅ አይደለምን?» ይላሉ።

ጥያቄው በከንቱ የተነሣ አይደለም። 9ኛው ሲምፎኒ አራት ክፍል ያለው፥ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድ ሥራ ነው። በመጨረሻው ክፍል አራት ዘማሪዎችና ታላቅ የመዘምራን ጉባኤ ይጨመራሉ፤ የሴቶቹም ድምፅ በከፍታ ላይ ለረጅም ጊዜ እንዲቆም ይፈለጋል። በዓለም ሁሉ የታወቀው የደስታ ዜማ መጀመሪያ የሚሰማው በሼሎና በኮንትራባስ ብቻ ሲሆን፥ በዚያን ጊዜ የሌላው መሣሪያ ድምፅ አይሸፍናቸውም። አውታሩ ጥቂት ቢረግብ ወይም ጣቱ ጥቂት ቢስት ስሕተቱ በአደባባይ ይገለጣል። በእጅ የተሠራ ኮንትራባስ በዚህ ስፍራ መሸሸጊያ የለውም።

ነገር ግን ነቃፊዎቹ የዚህን ዜማ የመጀመሪያ ቀን ቢያስታውሱ ፍርዳቸውን ባዘገዩት ነበር። 9ኛው ሲምፎኒ በቪየና ከተማ በሜይ 7 ቀን 1824 መጀመሪያ በተሰማ ጊዜ፥ የቲያትር ቤቱ ተከፋይ ሙዚቀኞች ቍጥራቸው ስላልበቃ ለፍቅር ብቻ የሚጫወቱ የከተማ ሰዎች ተጨምረውባቸው ነበር። ሁሉም በአንድነት የተለማመዱት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ደራሲውም ጆሮው ደንቍሮ ስለ ነበር ሕዝቡ ሲያጨበጭብ አልሰማም፤ ካሮሊን ኡንገር የተባለችው ዘማሪት ወደ ሕዝቡ ፊቱን ባዞረችው ጊዜ ጭብጨባውን በዓይኑ አየ። እንግዲህ ይህ ዜማ ገና ከመወለዱ በደመወዝተኞችና በማኅበርተኞች እጅ ያደገ ነው። የኪንሻሳ ሰዎች የሌላውን ርስት እንደ ነጠቁ የሚቈጥር ሰው ይህን አላወቀም።

በ1817 ይህን ሲምፎኒ እንዲደርስ ቤትሆቨንን የጠየቀውና 50 ፓውንድ የከፈለው የለንደን ፊልሃርሞኒክ ማኅበር ነው። ይኸው ማኅበር በ2013 አርማን ዲያንጊንዳን የክብር አባል አደረገው። ዜማውን ያሠራ ማኅበር ከ200 ዓመት ገደማ በኋላ የኪንሻሳውን መሪ ማክበሩ የምርጫውን ትክክለኛነት ብቻውን አያስረዳም፤ ቢሆንም ከነቃፊዎቹ የተሻለ ጆሮ ያላቸው ሰዎች ነገሩን እንደ ድፍረት እንዳልቈጠሩት ያሳያል።

ይህም ሁሉ ቢሆን ከንቱ ምስጋና እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለማኅበር ኦርኬስትራ ከነቀፋ ይልቅ የሚጐዳው ርኅራኄ ነው። «ድኾች ናቸው፥ ስለዚህ ስሕተታቸው ይታለፍ» የሚል አድማጭ እንደ ሙዚቀኛ አልቈጠራቸውም። የቅኔ መምህር የደቀ መዝሙሩን ቅኔ ቤት ሲጐድል «ተርቦ ነው፥ ቆሎ ለምኖ ነው» ብሎ አያልፈውም፤ ያርመዋል እንጂ። ማረሙም አክብሮቱን ይገልጣል። ስለዚህ በፍሬን ሽቦ የተጫወተ ሰው ዜማውን ከሳተ ስቷል፤ የሽቦው ታሪክ ስሕተቱን ቃና አያደርገውም።

በዚህ ሚዛን ቢመዘን በእንዲህ ያለው ምርጫ ላይ ሁለት ነገር ሊነቀፍ ይቻላል። የመጀመሪያው ስለ ቃሉ ነው። በሲምፎኒው መጨረሻ የሚዘመረው ሺለር የተባለው ጀርመናዊ ባለቅኔ በ1785 ስለ ደስታና ስለ ሰዎች ወንድማማችነት የጻፈው ግጥም ሲሆን፥ የኪንሻሳ መዘምራን የሚዘምሩት ቋንቋቸው ባልሆነው በጀርመንኛ ነው። ዜማው ሰም ቢሆን ቃሉ ወርቅ ነው፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳያገኝ ወደ ቤቱ የሚመለስ አድማጭ ግማሹን አጥቷል። ቋንቋውን መለወጥ ግን አያስፈልግም፤ ፊደሉ ለዜማው ተሰፍቷልና። በኮንሰርቱ ወረቀት ላይ የግጥሙ ትርጓሜ በሊንጋላና በፈረንሳይኛ ታትሞ ቢታደል፥ መዘምሩም አድማጩም የሚለውን አውቆ ይላል። ግዕዙን ከነአንድምታው የተማረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ይመሰክራል።

ሁለተኛው ስለ ዝርዝሩ ቅደም ተከተል ነው። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ፥ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ አልፎ፥ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይወጣል። የማኅበር ኦርኬስትራም ዓመት እንዲሁ ሊሰደር ይገባል። በዓመቱ መጀመሪያ አጭርና ጥልቅ የሆነ ሥራ ይቀመጥ፤ ለምሳሌ ሹበርት በ1822 ጀምሮ ሁለት ክፍል ብቻ ፈጽሞ የተወው፥ ደራሲው ከሞተም 37 ዓመት በኋላ በ1865 መጀመሪያ የተሰማው ያልተፈጸመው ሲምፎኒ ለዚህ የሚስማማ ነው። በእርሱ ላይ ቫዮሊኖቹ በቀስታ ማዜምን፥ ኮንትራባሶቹም ብቻቸውን መሰማትን ይለምዳሉ። ከባዱ ሥራ በዓመቱ መጨረሻ ይሁን፤ ለእርሱ የሚደረገውም ልምምድ ከመጀመሪያው ወር ይጀመር።

በሁለቱ መካከል ግን ባዶ ሊተው የማይገባ ስፍራ አለ፤ ይኸውም የገዛ አገር ድርሰት ስፍራ ነው። አርማን ዲያንጊንዳ መሪ ብቻ ሳይሆን ደራሲም ነው። የማኅበር ኦርኬስትራ የሌላውን ዜማ ብቻ ሲያሰማ የሚኖር ከሆነ፥ የሌላውን ቅኔ ሲያጠና ኖሮ አንድ ቅኔ ሳይቈጥር እንደሚያረጅ ተማሪ ይሆናል። ቅኔ የሚማሩት ለመቍጠር ነው፤ የቀደሙትን ማጥናትም የሚጠቅመው ለዚሁ ነው። የቤትሆቨንን ሥራ በእጁ የገለበጠ ሰው ነገ የራሱን ድርሰት ሲጽፍ፥ ኮንትራባስ ብቻውን እንዴት እንደሚናገር ከማን እንደ ተማረው ያውቃል። አድማጩም ሁለቱን በአንድ ዓመት ቢሰማ ማነጻጸር ይችላል። እንዲህ ከሆነ 9ኛው ሲምፎኒ በኪንሻሳ የእንግዳ ትርኢት መሆኑ ቀርቶ ትምህርት ቤት ይሆናል።

እንግዲህ የማኅበር ኦርኬስትራ የዓመቱን ዝርዝር ሲያወጣ፥ አንባቢ በውስጡ ሦስት ነገር ይፈልግ፤ ማኅበሩን ከትናንት ይልቅ የሚያስተምር ከባድ ሥራ፥ ወደዚያ ሥራ የሚያደርስ መወጣጫ፥ ከማኅበሩ ልብ የወጣ የራሱ ድርሰት። ሦስቱ ከተገኙ ምርጫው ያማረ ነው። የቀረው በምሽቱ ይታያል፤ አድማጩም ርኅራኄውን ከደጅ ትቶ፥ ጆሮውን ይዞ ይግባ።