ፓውደሩ ይቆይ፣ ሮንዴላ አምጣ

ባለፈው ጥር አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከከተማችን ታችኛው ክፍል ከሲቀላ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ እኔ ያለሁበት ሴቻ ድረስ መጣና፣ ላቡን እንኳ ሳይጠርግ «ኮች፣ የትኛውን ፓውደር ልግዛ?» አለኝ።

«መጀመሪያ ስንት ታነሳለህ?» አልኩት።

«እንደ ብረቱ ነው» አለ።

መልሱን ወደድኩለት። እኛ ጋ ብረት የምንለው አብዛኛው ሲሚንቶ ነው፤ የውሃ ቱቦ ጫፍና ጫፍ ላይ በቀለም ጣሳ የተሞላ ኮንክሪት። በአራት ሊትር ጣሳ የሚወጣው ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፤ ባለቤቱ ግን በቡሩሽ «10» ብሎ ይጽፍበታል። አንዱ ሳይሞላ ደርቋል፣ የሌላው ጠርዝ ተፈርፍሯል። የራሴን የመጀመሪያ ጥንድ ወፍጮ ቤት ተሸክሜ ሄጄ ሳስመዝን፣ ቀኙ ከግራው በ700 ግራም በልጦ ተገኘ። ዓመት ሙሉ ቀኝ ትከሻዬን ሰነፍ እያልኩ ስረግመው ኖሬያለሁ።

ልጁ ከራሱ በላይ የሚገፋው 30 ኪሎ ነበር። የሚሠራበት ቤት ትንሹ ብረት አምስት ኪሎ ነው፤ ግራና ቀኝ ሲገባ 40 ይሆናል። በአንድ ጊዜ ሲሶ ጨምር ማለት እኮ ነው! ሦስት ወር ሞክሮ ሲያቅተው ሰውነቴ አይቀበልም ብሎ ወደ ፓውደር ዞረ። የጎደለው ፓውደር አልነበረም፤ ትንሽ ብረት ነው።

የኔ መድኃኒት ከብሎን ሥር የሚገባው ሮንዴላ ነው። ጋራዥ ውስጥ የሚወድቁትን ትልልቆቹን ለቅሜ በሽቦ አስሬ፣ ቅቤ ነጋዴዋ ሚዛን ላይ 250 ግራም እስኪሞሉ አስተካከልኳቸው። ሴትዮዋ «ይሄ ደግሞ ሲነጠር ስንት ይወጣዋል?» ብላ ገበያተኛውን አሳቀችብኝ። ግራና ቀኝ አንዳንድ እስር ሲገባ ግማሽ ኪሎ ነው። በየሳምንቱ ቢጨመር በዓመት 26 ኪሎ። በየሳምንቱ አይሳካም፤ ግማሹ ቢሳካ ግን 13 ኪሎ ነው፣ ያውም ከራስ በላይ።

ሲቀላ ያለ አንድ አሰልጣኝ ወዳጄ በዚህ ይስቅብኛል። የእሱ ሃይማኖት የቡልጋሪያው አሰልጣኝ የኢቫን አባጂዬቭ ነው፤ በየቀኑ እስከ ጥግ ማንሳት። በተከራከርን ቁጥር በዚያ ሥርዓት ያደገውን ናይም ሱሌይማኖግሉን ይጠቅስብኛል። እውነት ነው፣ ሰውየው ለቱርክ ተሰልፎ እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ላይ በ60 ኪሎ ምድብ 190 ኪሎ ከራሱ በላይ አድርሷል። ወዳጄ የማያነሳው ግን በዚያው ኦሊምፒክ የቡልጋሪያ ቡድን ሁለት ወርቅ በመድኃኒት ምርመራ ተነጥቆ ውድድሩን ጥሎ መውጣቱን ነው። ደግሞስ የእነዚያ ሰዎች ሥራቸው ማንሳት፣ መብላትና መተኛት ነበር። ቀኑን ኤፍኤስአር ላይ ሙዝ ሲጭን የዋለ ልጅ ማታ እስከ ጥግ አንሳ ሲሉት ወገቡን አስረክብ ማለት ነው።

ወደ ፓውደሩ ልመለስ፣ ፈራ እንዳልባል። ክሬቲን ይሠራል፤ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃል። ያንኑ ከአሳ ለማግኘት በየቀኑ አንድ ኪሎ ያህል ጥሬ አሳ ይፈልጋል፤ ጫሞ ዳር ብንኖርም ኪሳችን አይችለውም። የፕሮቲን ፓውደር ግን በቆርቆሮ የታሸገ ምግብ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በቀን መቶ ግራም ገደማ ፕሮቲን ይበቃዋል፤ እንቁላል፣ አሳ፣ ምስር፣ ወፈር ያለ ሽሮ እየበላ ይደርስበታል። ቆጮ ብቻውን ጉልበት እንጂ ፕሮቲን የለውም ለማለት ይቻላል። ሽፈራው ጡንቻ ያወጣል ብለው በዱቄት የሚሸጡትንም ታዝቤያለሁ፤ ቅጠሉን ከኩርኩፋ ጋር ስበላው ነፍሴ ነው፣ በአንድ ማንኪያ ዱቄት የሚገኘው ፕሮቲን ግን ሁለት ግራም ቢሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 እና 2001 ከ13 አገሮች ተገዝተው ከተመረመሩ 634 ማሟያዎች በ94ቱ ውስጥ መለያቸው ላይ ያልተጻፈ ሆርሞን ነክ ነገር ተገኝቷል። ከማላውቀው ሰው ሻንጣ የወጣ ቆርቆሮ የማልነካው ለዚህ ነው።

ለልጁ ፓውደር ሳይሆን ደብተር ገዛሁለት። ይህን የመመዝገብ አባዜ የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ የዶርዜ ሸማኔ ነበር። አንድ ጋቢ በጨረሰ ቁጥር ከሰል አንስቶ የቤታችን የቀርከሃ ግድግዳ ላይ አንድ መስመር ያሰምራል፤ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ። ብረት መግፋቴን አልወደደውም፤ «ሸክም ካማረህ እናትህን አታግዝም?» ይለኝ ነበር። ሲሞት መስመሮቹን ልቆጥር ዶርዜ ወጣሁ። የዶርዜ ቤት እግሩን ምስጥ ሲበላው እያጠረ ይሄዳል፤ የወጣትነቱ ጋቢዎች ከሥሩ ጋር ሄደዋል። የቀሩትን 212 መስመሮች ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፍኳቸው። ከእነሱ በታች የኔ ኪሎዎች ይጀምራሉ።

ልጁ በዚህ ሳምንት 37 ኪሎ ተኩል አምስት ጊዜ ገፋ። አሁን ጓደኞቹንም እያመጣ ነውና እስሮቹ አልበቁንም። ሲቀላም ሴቻም ጋራዥ ያላችሁ፣ ያረጀ ሮንዴላ አትጣሉ፤ እኛ መጥተን እንወስዳለን።