ወጥ ሆኖ ወጥ ያልሆነው ጽንፈ ዓለም
(በሥነ ጽንፈ ዓለም ሙያዊ ቃላት አሰያየም ላይ የቀረበ ሒስ)

ሙያዊ ቃላት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰየሙት በዝርዝር ነው። በአንድ ወገን የባዕዱ ቃል፣ በሌላው ወገን የአማርኛው ተመጣጣኝ ይሰፍራል፤ እያንዳንዱም ጥንድ ለብቻው ተመዝኖ ይጸድቃል። ይህ አሠራር ለብዙ ሙያ ያገለግላል። ነገር ግን ቃላት ትርጉማቸውን እርስ በርሳቸው ካላቸው ልዩነት በሚያገኙበት የዕውቀት ዘርፍ፣ ለየብቻ ሲታዩ እንከን የማይወጣላቸው ስያሜዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ ይፋለሳሉ። ለዚህ አኒሶትሮፒክ የተባሉት የጽንፈ ዓለም አምሳያዎች ጥሩ ማስረጃ ይሆናሉ።

አምሳያዎቹ የሚነሡት ከሁለት ጥያቄዎች ነው። ጽንፈ ዓለም በየቦታው አንድ ዓይነት ነውን? ከአንድ ቦታ ሆኖ ለሚመለከተውስ በየአቅጣጫው አንድ ዓይነት ነውን? ጥያቄዎቹ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ኢጣሊያዊው የሒሳብ ሊቅ ሉዊጂ ቢያንኪ እ.ኤ.አ. በ1898 በየቦታው አንድ ዓይነት የሆኑትን፣ አቅጣጫ ከአቅጣጫ ግን ሊለያዩ የሚችሉትን ኅዋዎች በ9 ክፍል መደባቸው። አብርሃም ታውብም እ.ኤ.አ. በ1951 ምደባውን ከአንስታይን የስበት ንድፈ ሐሳብ ጋር አገናኘው። ቀላሉ አምሳያ በሦስት ዘንጎች በሦስት የተለያየ ፍጥነት የሚሰፋ ጽንፈ ዓለም ነው።

አሁን ወደ አማርኛው እንምጣ። ለመጀመሪያው ባሕርይ «ወጥ» የሚለው ቃል ሁነኛ ስያሜ ነው። ችግሩ የሚመጣው ተርጓሚው አኒሶትሮፒክ የሚለውንም በጥቅሉ «አንድ ዓይነት ያልሆነ» ብሎ ተረድቶ «ወጥ ያልሆነ» ሲለው ነው። በዝርዝሩ ላይ ስሕተቱ አይታይም። የቢያንኪን አምሳያ ለመግለጽ ሲሞከር ግን «አምሳያው ወጥ ሲሆን ወጥ አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይወለዳል። አንባቢው ሳይንሱ ራሱን የሚቃረን ይመስለዋል፤ የተቃረነው ግን መዝገበ ቃላቱ ነው።

ልዩነቱ ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ አይደለም። በጥሩ እጅ የተሠራ ሸማ ከዳር እስከ ዳር ወጥ ነው፤ ሆኖም በድሩ በኩል ሲስቡትና በሰያፍ ሲስቡት እኩል አይለጠጥም። ቦታው ወጥ ነው፤ አቅጣጫው አይደለም።

ባዕዱን ቃል እንዳለ መዋስም መፍትሔ አይሆንም። የግሪክኛው ሥርወ ቃል «እኩል» እና «መዞር» ከሚሉ ቃላት የተገኘ ሲሆን አሉታውን የሚያመለክተው በመነሻ ቅጥያ ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ በኩል ወደ አማርኛ ሲገባ አዎንታዊው «አይሶትሮፒክ»፣ አሉታዊው «አናይሶትሮፒክ» ይሆናል። በእኛ ቋንቋ «አይ» የአፍራሽ ምልክት ስለሆነ (አይነኬ፣ አይደፈሬ)፣ አዎንታዊው ለጆሮ አሉታ መስሎ ይሰማል፤ እውነተኛው አሉታ ደግሞ ምንም ምልክት የሌለው ይመስላል።

ስለዚህ «ልበ ሰፊ»፣ «እጀ ጠባብ» እንደሚሉት ጥምር ቃላት፣ ሆሞጂኒየስ የሚባለውን «ቦታ ወጥ»፣ አይሶትሮፒክ የሚባለውን «አቅጣጫ ወጥ»፣ ተቃራኒውን ደግሞ «አቅጣጫ ኢወጥ» ማለት ይሻላል። ሁለቱም ስሞች በራብዕ ስለሚያልቁ በጥምረቱ የድምፅ ለውጥ አያስፈልጋቸውም። «ኢ» በብዛት የሚቀጠለው ከግዕዝ በመጡ ቅጽሎች ላይ ነውና «ኢወጥ» ይጎረብጣል የሚል ቢኖር አይፈረድበትም፤ ቢሆንም ከተፋለሰ ዓረፍተ ነገር የጎረበጠ ቃል ይመረጣል።

የዚህ ምርጫ ጥቅም የሚታየው አብረው በሚመጡት ቃላት ላይ ነው። «መግነጢሳዊ መስክ» የተሳካ ስያሜ ነው፤ እርሱን መንቀፍ አያስፈልግም። መስኩ አቅጣጫ አለው። መላ ጽንፈ ዓለምን በአንድ አቅጣጫ የሚያቋርጥ መስክ ካለ አምሳያው አቅጣጫ ወጥ ሊሆን አይችልም። «አቅጣጫ» የሚለው ቃል በስያሜው ውስጥ ሲኖር አንባቢው ሁለቱ ለምን እንደሚጣመሩ ያለ ማብራሪያ ይረዳል፤ «ወጥ ያልሆነ» ሲባል ግን ምክንያቱ ይሰወርበታል።

ቶም ኪብል እ.ኤ.አ. በ1976 የተነተናቸው፣ እስካሁንም በምልከታ ያልተረጋገጡት የኅዋ ክሮች ሌላ ጥያቄ ያስነሣሉ። የእነዚህ ክሮች ዋና ባሕርይ ቅጥነታቸው ብቻ ሳይሆን ውጥረታቸው ነው፤ «ክር» ግን የላላውንም ይጨምራል። የበገናው «አውታር» ውጥረትን ስለሚያሳይ የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን ቃሉ ዛሬ ለመንገድና ለመገናኛ መረብ ተይዟል፤ ሳይንቲስቶቹም ስለ ክሮቹ መረብ ስለሚጽፉ «የአውታር አውታር» ወደሚል ግራ መጋባት ያደርሳል። ስለዚህ «ክር» ይጽና፤ ፍችው ግን «ውጥር» መሆኑን በግልጽ ይናገር። ፓትሪሲዮ ሌቴሊየር እ.ኤ.አ. በ1983 ባቀረበው አምሳያ የክሮቹ ውጥረት ራሱን የቻለ መጠን ሆኖ በቀመሩ ውስጥ ይገባልና ይህ ትርፍ ነገር አይደለም።

ከሁሉ ደካማው «ዝልግልግነት» ነው። ዝልግልግ የምንለው የተልባ ውኃንና የእንቁላል ነጭን ነው። አየር ግን ዝልግልግ ሳይባል ይህ ባሕርይ አለው፤ ባሕርዩ በሚፈስ ነገር ውስጥ ያለ ሰበቃ ነውና። ስለሆነም «ውስጠ ሰበቃ» ይቀርባል። ይህም በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ የይዘትን መለወጥ፣ ሌላው በተለያየ አቅጣጫ ያለውን የፍጥነት ልዩነት ይቃወማል። ሁለተኛው አቅጣጫ ወጥ በሆነ መስፋፋት ውስጥ ሥራ የለውም። ቻርልስ ሚዝነር እ.ኤ.አ. በ1968 የኒውትሪኖዎች ውስጠ ሰበቃ የጥንቱን የአቅጣጫ ልዩነት አጥፍቶት ይሆናል ያለው ይህንኑ ይዞ ነበር። ሐሳቡ ሙሉ መፍትሔ ሆኖ ባይጸናም ጥያቄው እውነተኛ ነበር፤ የጥንቱ ጨረር ሙቀት፣ ከራሳችን እንቅስቃሴ የሚመጣው ሲቀነስ፣ ከአቅጣጫ አቅጣጫ የሚለያየው ከ100,000 በ1 እጅ ገደማ ብቻ ነውና። ይህንን ክርክር «ዝልግልግነቱ ወጥ ያልሆነውን ወጥ አደረገው» ብሎ የተረጎመ ሰው የቱ ልዩነት እንደጠፋ አልተናገረም።

ስያሜ የሚያጸድቁ ጉባኤዎች ዝርዝሩን ከመዝጋታቸው በፊት ቃላቱን በአንድ አንቀጽ ውስጥ አሰባስበው ለሙያው እንግዳ ለሆነ አንባቢ ቢያስነብቡ እንዲህ ያለው መፋለስ አስቀድሞ ይታያል። የሙያ ቃል መፈተኛው ዓረፍተ ነገር ነው።