መዝገቡ ያልመለሰው ጥያቄ፤ የጡንቻ ማጎልበቻ መድኃኒትና የሴቷ መጪ እርግዝና

ጀርመናዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ወርነር ፍራንከና የቀድሞዋ የኦሊምፒክ ተወዳዳሪ ብሪጊተ በረንዶንክ እ.ኤ.አ. በ1997 በ«ክሊኒካል ኬሚስትሪ» መጽሔት ያሳተሙት ጥናታዊ ጽሑፍ፣ የቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ለአትሌቶቹ በምስጢር ሆርሞን ይሰጥ እንደነበር በሰነድ ያረጋገጠ ሥራ ነው። ጽሑፉ ዛሬም ሊነበብ ይገባዋል። ይሁን እንጂ ለሴቶች ጤና ባለሙያ እጅግ አስፈላጊ የሆነውን ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል።

የጽሑፉ ጥንካሬ ማስረጃው ነው። ምስክርነቱ የተገኘው ከከሳሾች አንደበት ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱን ካዘዙት ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ብዕር ጭምር ነው። «ኦራል-ቱሪናቦል» የተባለው አናቦሊክ ስቴሮይድ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱትን ጨምሮ በሺህ ለሚቆጠሩ አትሌቶች ተሰጥቷል። ውጤቱ በሴቶች ላይ ይበልጥ የጎላ በመሆኑም ትኩረቱ በእነርሱና በልጃገረዶች ላይ ነበር። የወር አበባ መዛባት፣ የድምፅ መጎርነን፣ የፀጉር መብዛትና የጉበት ጉዳት ተመዝግበዋል፤ መድኃኒቱ ግን አልተቋረጠም። ጉዳትን በጥንቃቄ መመዝገብ ብቻውን ሕክምና እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2000 የበርሊን ፍርድ ቤት የስፖርቱን ኃላፊ ማንፍሬድ ኤቫልትንና ሐኪሙን ማንፍሬድ ሆፕነርን ጥፋተኛ ብሎ በገደብ የእስራት ቅጣት ወስኖባቸዋል።

ድክመቱ ከዚያው ከሰነዱ ባሕርይ ይመነጫል። መዝገቡ የተያዘው ለሜዳሊያ እንጂ ለእናትነት አልነበረም። አትሌቷ ውድድር ስታቆም የእርሷም ታሪክ ከመዝገቡ ይወጣል። ያላንዳች የንጽጽር ቡድን የተሰበሰበ መረጃ፣ ከመካከላቸው ስንቶቹ ለመፀነስ እንደተቸገሩ ሊነግረን አይችልም። ስለዚህ ጽሑፉን ጠቅሶ «ሁሉም መካን ይሆናሉ» ማለትም፣ «መድኃኒቱ ሲቆም ሁሉም ነገር ይስተካከላል» ማለትም ስሕተት ነው።

የሰውነት አሠራር የሚያስተምረን ግን አለ። እነዚህ መድኃኒቶች ከፒቱታሪ ዕጢ የሚመነጩትን እንቁላል አብሳይ ሆርሞኖች ስለሚገቱ የወር አበባ ይቋረጣል። መድኃኒቱ ሲቆም ዑደቱ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ የጎረነነ ድምፅና ያደገ ቂንጥር ግን እንደነበሩ ላይመለሱ ይችላሉ። ከሁሉ የከፋው አደጋ በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚደርሰው ነው፤ በዚያን ጊዜ የሴት ፅንስ ውጫዊ ብልት የወንድ መልክ ሊይዝ ይችላል። የእንግዴ ልጅ ተፈጥሯዊውን ቴስቶስትሮን ወደ ኤስትሮጅን እየለወጠ ፅንሱን በመጠኑ ይከላከላል፤ እንደ ኦራል-ቱሪናቦል ያሉትን ሰው ሠራሽ ውሕዶች ግን በዚህ መንገድ ሊለውጣቸው አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የወር አበባዋ የቀረ ሴት አልፀንስም ብላ ልታስብ ትችላለች። ነገር ግን የወር አበባ መቅረት የእርግዝና መከላከያ አይደለም፤ እንዲያውም እርግዝናን ይሸፍናል። ፅንሱ ለአደጋ የሚጋለጠው እናቲቱ መፀነሷን ሳታውቅ ሊሆን ይችላል።

በመሆኑም የወር አበባዋ ለተዛባ ወይም ድምፅዋ ለጎረነነ ወጣት የእርግዝና ምርመራ ማድረግ፣ የምትወስደውንም እንክብልና መርፌ ያለ ነቀፌታ መጠየቅ ይገባል። ጥያቄው በስሙ ይቅረብ፤ የምሥራቅ ጀርመን ልጃገረዶች ብዙዎቹ የሚውጡት ቫይታሚን ይመስላቸው ነበርና «መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ቢባሉ «አልወስድም» ባሉ ነበር። የፍራንከና የበረንዶንክ መዝገብ የተወውን ክፍት ቦታ የሚሞላው በየካርዱ ላይ የምንጽፈው መልስ ነው።