ከደረቀው ገንዳ ወዲህ

ስለ ስኬትቦርድ ከተሠሩት ዘጋቢ ፊልሞች መካከል ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው በ2001 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው «ዶግታውን ኤንድ ዚ-ቦይስ» ነው። አዘጋጁ ስቴሲ ፐራልታ የሚተርከው እርሱ ራሱ አባል የነበረበትን ቡድን ታሪክ ነው፤ ወጪውን የሸፈነው ደግሞ ቫንስ የተባለው የጫማ ኩባንያ ነው። ባለታሪኩ ጸሐፊ፣ ነጋዴው ደጋፊ የሆነበትን ትረካ፣ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል እያነበበ ላደገ ሰው በጥንቃቄ መመርመር ተገቢ ይመስለኛል።

ፊልሙ የሚመሰገነው ለውጥ ከምን እንደሚወለድ በማሳየቱ ነው። የ1960ዎቹ ሰሌዳ የሸክላ ጎማ ስለነበረው ጠጠር ባገኘው ቁጥር ተጫዋቹን ይጥለው ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍራንክ ናስዎርዚ የዩሪቴን ጎማ ለገበያ ሲያቀርብ፣ መንገዱን ቆንጥጦ የሚይዝ ሰሌዳ ተገኘ። በ1976 እና በ1977 ካሊፎርኒያ በድርቅ ስትመታ የባለጠጎች መዋኛ ገንዳዎች ጦማቸውን አደሩ፤ የሳንታ ሞኒካና የቬኒስ ልጆችም አጥር እየዘለሉ ገብተው ግድግዳውን እንደ ባሕር ማዕበል ወጡበት፣ ወረዱበት። ድርቅ ለጨዋታ ሲሳይ ሲሆን ያየሁት በዚህ ፊልም ብቻ ነው።

ቅሬታዬ ግን ፊልሙ የዛሬውን ጨዋታ በሙሉ የአንድ ሠፈር ልጅ ሊያደርገው መዳዳቱ ነው። ስኬትቦርድን ከገንዳ አውጥቶ ጎዳና ላይ ያዋለው «ኦሊ» የተባለው ዝላይ የመጣው ከሌላው የአሜሪካ ዳርቻ ነው። ሰሌዳውን በእጅ ሳይዙ አየር ላይ መነሣትን በ1970ዎቹ መጨረሻ የጀመረው የፍሎሪዳው አላን ጌልፋንድ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በደልዳላ መሬት ላይ የቻለው ደግሞ ሌላው የፍሎሪዳ ልጅ ሮድኒ ሙለን ነው። ከዚያ ወዲህ ደረጃው፣ የብረት መደገፊያው፣ አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ መጫወቻ ሆነ።

ያን ጊዜ ጥያቄውም ተለወጠ፤ አደባባይ የማን ነው? በፊላደልፊያው ላቭ ፓርክ ስኬትቦርድ ሲከለከል፣ የቦታውን ሐሳብ ያፈለቁት የከተማ ፕላን ባለሙያ ኤድመንድ ቤከን በ2002፣ በ92 ዓመታቸው፣ በሰው ተደግፈው ሰሌዳ ላይ በመውጣት ተቃውሟቸውን ገለጹ። በ2021 ደግሞ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የ13 ዓመቷ ሞሚጂ ኒሺያ፣ የከተማን ደረጃና መደገፊያ አስመስሎ በተሠራ ሜዳ ላይ ተወዳድራ ወርቅ ወሰደች። በእውነተኛው ደረጃ ላይ የሚያስቀጣው በሐሰተኛው ደረጃ ላይ አሸለመ።

ፊልሙ ቢታይ ይጠቅማል፤ ነገር ግን መታየት ያለበት እንደ አንድ ሠፈር ዜና መዋዕል ነው። የስኬትቦርድ ሙሉ ታሪክ የሚጻፈው፣ ከአደባባይ የተባረሩት ስማቸው ያልታወቀ ልጆችም ሲቆጠሩ ነው።