«ጫጫታ» ወይስ «ሁከት»? ስለ አንድ የሙያ ቃል

ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር ከሰው ራስ ላይ የቀዳውን የአንጎል ኤሌክትሪክ ሞገድ እ.ኤ.አ. በ1929 ይፋ ካደረገ ወዲህ፣ አንጎልን በምስል ለሚያጠኑም ሆነ ሐሳብን ወደ መሣሪያ ትእዛዝ ለሚለውጡ ተመራማሪዎች ዐቢዩ ችግር ተፈላጊውን ከማይፈለገው መለየት ነው። የማይፈለገው በእንግሊዝኛ «ኖይዝ» ይባላል፤ ቃል በቃል ሲመለስ «ጫጫታ» ይሆናል። ይህን ስያሜ አንደግፈውም።

ጫጫታ የጆሮ ነገር ነው። በጥንታዊ ገበያዋ የታወቀችው ይፋግ በገበያ ቀን ጫጫታ አላት ቢባል ያስኬዳል። ከዚያው አገር የመጣ ታማሚ ግን «በአንጎልዎ ጫጫታ ታየ» ቢባል ሕመሙ የጸና መስሎት ይደነግጣል። መሣሪያው የቀዳው ምናልባት የዓይኑን መርገብገብ ይሆናል፤ ይኸው መርገብገብ ዓይንን ለሚያጠና ሰው ተፈላጊው ነገር ነው።

«ገለባ» የሚለውም አያረካም። ገለባ በመንሽ ይለያል፤ ይህ ግን ከተፈላጊው ጋር ተደምሮ ይመጣል። አንድ ሙከራ 100 ጊዜ ተደግሞ አማካዩ ሲወሰድ፣ እርስ በርሱ ያልተያያዘ መዋዠቅ መጠኑ ወደ አንድ ዐሥረኛ ይወርዳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም።

ስለዚህ «ሁከት»ን እንመርጣለን። ቃሉ ከ«አወከ» ጋር ስለሚዛመድ «የታወከው ምንድን ነው?» ብሎ ያስጠይቃል። ከረብሻ ጋር መያያዙ እንከኑ ነው፤ «የቅጂ ሁከት» ሲባል ግን እንከኑ ይቃለላል። ታማሚውም የታወከው ቅጂው እንጂ አንጎሉ አለመሆኑን ይረዳል።