ከግቢ ውጭ ያለው ቅጂ

በካምፓላ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ፋብሪካና መጋዘን አጥር ለአጥር ተያይዘው ቆመዋል። አካባቢው ዝቅ ያለ ነው፤ ዝናብ ሲጠና የናኪቩቦ ቦይ ሞልቶ መንገዱን ያጥለቀልቃል። ሰርቨሩን ምድር ቤት ያስቀመጠ ድርጅት ደመና ሲጠቁር ይጨነቃል።

ለዚህ ነው «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» የሚባለውን አሠራር የምወደው፦ የመረጃው ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከግቢ ውጭ። ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ነው ያስተዋወቀው፤ ለዱቄት ፋብሪካም እኩል ይሠራል። ትልቁ ጥበብ ያለው በሦስተኛው ቅጂ ላይ ነው። ጎርፍ ወይም እሳት አንድ ክፍል ውስጥ ያሉትን ሁለቱን አብሮ ይወስዳልና። ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ናማንቬ ላይ፣ ራክሲዮ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 የከፈተው የመረጃ ማዕከል እንዲህ ላለው ቅጂ ማረፊያ ይሆናል።

ከቅጂው ይበልጥ የማከብረው ግን መረጃውን ከቅጂው መልሶ የማግኘት ልምምዱን ነው። ጥንቁቅ ባለሙያ ቅጂውን ባዶ ኮምፒውተር ላይ ይጭናል፤ የደመወዝ ዝርዝሩ ይከፈታል? የደንበኞች ዱቤ ከመዝገቡ ጋር ይገጥማል? ስንት ሰዓትስ ፈጀ? ይህን ሁሉ ይጽፋል። ከዚያ አንዱን ዲስክ ከኔትወርኩ ነቅሎ ይቆልፍበታል፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ የተሰካውን ሁሉ ያዳርሳልና።